በሩ ሲንኳኳ ካሜራው ከማን ጋር ነው?

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦

«በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሁለት ልጆቼ ጋር የምኖር እናት ነኝ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ በመንከባከብ እሠራለሁ፤ ደመወዜ ስለማያዳርሰን ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ) እንቀበላለን። ይህንን ከቤታችን ውጭ የሚያውቅ የለም፤ በዕድርም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የ17 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቷ የጥቁር አሜሪካውያንን የፊልም ታሪክ ትማራለች። የቀድሞዎቹ ፊልሞች በዌልፌር፣ ማለትም መንግሥት ለድኻ ቤተሰቦች በሚሰጠው ድጎማ፣ የሚኖሩ ቤተሰቦችን እንዴት እንዳሳዩ ጽሑፍ እንድታቀርብ ታዛለች። ባለፈው ሳምንት «ክሎዲን» የሚባለውን ፊልም አብረን እያየን ሳለ፣ ቤተሰቡ የዌልፌር ተቆጣጣሪዋ ስትመጣ ዕቃ ለመደበቅ ሲሯሯጥ፣ ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ ‹እማዬ፣ እነዚህ እኮ እንደ እኛ ናቸው› አለችኝ። እኔም ተቆጥቼ ‹እኛ እንደ እነርሱ አይደለንም› ብዬ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ በቅጡ አናወራም። እነዚህ ፊልሞች ድኻን ያከብራሉ ወይስ ገበናውን አውጥተው ለሰው መሳቂያ ያደርጉታል? ጽሑፉን እንድትተወው ልንገራት ወይስ ትቀጥል?»

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ብዙ የቆየሁት «ገበና» በሚለው ቃልዎ ላይ ነው። በአማርኛችን ገበና ማለት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ በር ዘግቶ ጉድለትን ከሰው ዓይን የመሸፈን መብትም አብሮት አለ። የማጀቱ ባዶነት፣ የባልና የሚስት ቅያሜ፣ ያልተከፈለው ዕዳ ከግድግዳው ሳይወጣ ይቀራል፤ ሰውም በማግሥቱ ቀና ብሎ ጎረቤቱን ሰላም ይላል። ልጅዎ በምታጠናው ዘመን በአሜሪካ በዌልፌር ይኖር የነበረ ቤተሰብ የተነፈገው ይህንኑ በር የመዝጋት መብት ነበር። ስለዚህ እነዚህን ፊልሞች የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛዋ በሩን ስታንኳኳ ካሜራው የቆመው ከማን ጋር ነው? ውስጥ ሆነው ከሚደብቁት ጋር ነው ወይስ ልትፈትሽ ከመጣችው ጋር?

ጥያቄው እንዲገባን በቅድሚያ ሕጉን ማየት ያስፈልጋል (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተለምዶ ዌልፌር የሚባለው ድጎማ የተጀመረው በ1935 በወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ሲሆን፣ የታሰበውም የአባታቸውን ድጋፍ ላጡ ልጆች ነበር። ውሎ አድሮ ግን «አባት የሌለበት ቤት» የሚለው ሐሳብ በተቆጣጣሪዎች እጅ «ወንድ የማይገባበት ቤት» ወደሚል ትርጉም ተለወጠ፤ በብዙ ቦታዎችም ሠራተኞች በእኩለ ሌሊት ሳይቀር እየመጡ አልጋ ሥርና ቁም ሣጥን ይፈትሹ ነበር። የአላባማ ግዛት በ1964 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ከአንዲት እናት ጋር ግንኙነት ያለው ወንድ፣ ልጆቹን ባይወልዳቸውም፣ አንዲት ሳንቲም ባይሰጣቸውም፣ እንደ አባት ስለሚቆጠር የልጆቹ ድጎማ ይቋረጥ ነበር። እስከ 1967 መጀመሪያ ድረስ ብቻ በግዛቲቱ ድጎማ የሚያገኙት ልጆች ቁጥር በ16,000 ገደማ ቀነሰ። ይህንን ደንብ በፍርድ ቤት የተሟገተችው የአራት ልጆች እናት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እስከ ቀትር ድረስ በወጥ ቤትና በአስተናጋጅነት እየሠራች በሳምንት ከ16 እስከ 20 ዶላር የምታገኝ ሴት ነበረች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1968 ደንቡን ሻረው። ሴትዮዋ እንደ እርስዎ ሠራተኛ እንደነበረች ልብ ይበሉልኝ፤ «ዌልፌር» ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው እርሷን አይደለም።

ቴሌቪዥኑን የዘጉበት ፊልም ለዕይታ የበቃው በ1974 ነው። በዚያን ጊዜ ሲኒማ ቤቶችን ያጥለቀለቁት ስለ ጥቁሮች የተሠሩ ፊልሞች አብዛኞቹ የመርማሪዎችና የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ታሪክ ነበሩ፤ ሽጉጥ ሳይተኮስበት ስለ አንዲት እናትና ስለ ስድስት ልጆቿ የሚተርክ ፊልም ብርቅ ነበር። ያዘጋጀውም ድርጅት የተቋቋመው ጥቁሮችና ፖርቶ ሪካውያን ከካሜራ በስተጀርባ ያለውን ሙያ እንዲማሩና እንዲሠሩበት ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ተዋናዩ ኦሲ ዴቪስ ነበር። ዳይሬክተሩ ጆን ቤሪ ነጭ መሆኑን ልጅዎ በጽሑፏ ብትጠቅሰው መልካም ነው፤ እርሱም በፖለቲካ አቋሙ የተነሣ ከሆሊውድ ተባርሮ ለዓመታት በስደት የኖረ ሰው ነበር። ዋናዋ ተዋናይት ዳያን ካሮል ከዚያ ቀደም በቴሌቪዥን የምትታወቀው ቤቷ በተሟላ፣ ልብሷ ባማረ ነርስ ገጸ ባሕርይ ነበር፤ «የጥቁሮች ኑሮ እንዲህ አይደለም» የሚል ወቀሳም ይቀርብባት ነበር። ክሎዲንን ስትሆን ግን በኒው ዮርክ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር የምትኖር፣ በየማለዳው አውቶቡስ ተሳፍራ ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር የነጮች ቤት እየሄደች ከዌልፌር ቢሮው በተደበቀ ደመወዝ የምታጸዳ የ36 ዓመት እናት ሆነች፤ በዚህም ሥራዋ ለምርጥ ተዋናይትነት የኦስካር ዕጩ ለመሆን በቅታለች።

እርስዎ የደነገጡበትን ትዕይንት እንደገና እንዲያስቡት እለምንዎታለሁ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ስትመጣ ቤተሰቡ ደህና ደህናውን የቤት ዕቃ ለመሸሸግ ይራወጣል። ይህ የሚሆነው ዕቃው ስለተሰረቀ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የተገኘ ነገር ሁሉ ተቆጥሮ ከድጎማው ሊቀነስ ስለሚችል ነው። ክሎዲን የምትወደው ሰው፣ ጄምስ ኧርል ጆንስ የሚጫወተው ሩፕ፣ የቆሻሻ መኪና ሠራተኛ ነው። ስጦታ ቢያመጣ ስጦታው ይቆጠራል፤ ቢያገባት ደመወዙ ይቆጠርና ድጎማው ይነሣል፤ እርሱ ደግሞ ከቀድሞ ትዳሮቹ የወለዳቸው ልጆች ስላሉት ደመወዙ ለስድስት ተጨማሪ ልጆች አይበቃም። እናት ሰነፍ አይደለችም፤ ወንዱም ጨካኝ አይደለም፤ ነገር ግን ሕጉ ፍቅራቸውን ራሱን የወጪና የገቢ ሒሳብ አድርጎታል። በዚህ ሁሉ ካሜራው ከቤተሰቡ ጋር ውስጥ ነው። ሠራተኛዋ ስትገባ ተመልካቹም ዕቃ እንደደበቀ ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ገበናን ማውጣት ማለት ይህ አይመስለኝም፤ ገበናቸውን እንዳይሸፍኑ የተከለከሉ ሰዎች ለመሸፈን የሚያደርጉትን ትግል ማሳየት ነው፤ ሁለቱም ለየቅል ናቸው።

በዚያው ዘመን፣ በ1972፣ ከዚህ ፊልም ጋር በቀጥታ የሚነጋገር ሐሳብ የጻፈች አንዲት ሴት ነበረች። ጆኒ ቲልሞን በሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ በሚባለው ሰፈር የምትኖር፣ እንደ ክሎዲን የስድስት ልጆች እናት ነበረች፤ በ1963 የሰፈሯን ዌልፌር ተቀባይ እናቶች አደራጅታ፣ በኋላም አገር አቀፉን የዌልፌር መብት ንቅናቄ ከመሩት አንዷ ሆናለች። ዌልፌርን ያመሳሰለችው ከክፉ ትዳር ጋር ነው፤ አንዱን ባል ትተሽ መንግሥትን ታገቢያለሽ፣ እርሱ ግን ሲፈልግ ይፈታሻል፣ አንቺ ልትፈቺው አትችዪም እንደ ማለት ነው። ልጅዎ ይህንን ሐሳብና የክሎዲንን ትዳር ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ለጽሑፏ ጥሩ መሠረት ይሆናታል።

ፊልሙ እንከን የለውም አልልም። ከርቲስ ሜይፊልድ የደረሳቸው፣ ግላዲስ ናይት ከቡድኗ ጋር የዘፈነቻቸው ዜማዎች እጅግ ያማሩ ቢሆኑም፣ አንዳንዴ ምሬቱን ከሚገባው በላይ ያለሰልሱታል፤ መጨረሻውም ላይ ሠርጉ በፖሊስ ተበትኖ ቤተሰቡ ሁሉ በፖሊስ መኪና ከተጫነ በኋላ፣ ተያይዘው ደስ ብሏቸው በጎዳና ሲሄዱ መታየታቸው ችግሩ ያለፈ ያስመስላል። ሆኖም የበኩር ልጁ ቻርልስ የእናቱን ዕጣ ላለመድገም ሲል በወጣትነቱ ዘር እንዳይኖረው ራሱን በቀዶ ሕክምና ማስመከኑ፣ እናቱም ይህንን ስትሰማ የሚሰማት ሐዘን፣ በምንም ሙዚቃ የሚሸፈን አይደለም። ፊልሙ ከመታየቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1973፣ በአላባማ፣ ሞንትገመሪ የ12 እና የ14 ዓመት እኅትማማቾች በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚደገፍ ክሊኒክ እንዲመክኑ መደረጋቸው ተጋልጦ ነበር፤ ማንበብና መጻፍ የማትችለው እናታቸው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ወረቀቱ ላይ የመስቀል ምልክት አድርጋ ነበር። የድኻ ማኅፀን የመንግሥት ጉዳይ ተደርጎ በሚታይበት አገር የዚያ ልጅ ውሳኔ ከየት እንደመጣ ለመረዳት አይከብድም።

ይህ ነጥብ ወደ ሁለተኛው ፊልም ያደርሰናል፤ ይህኛውን የሠራው ደግሞ የእኛው ሰው ነው። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር ተወልዶ በስድሳዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ የመጣ፣ በቺካጎ ቴአትር፣ ቀጥሎም በሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ፊልም የተማረ ሲሆን፣ «ቡሽ ማማ» የተባለውን ፊልም በ1975 የሠራው ገና ተማሪ ሳለ ነበር፤ ለሕዝብ የቀረበው በ1979 ነው። ሐሳቡን የጸነሰው በቺካጎ ክረምት አንዲት ጥቁር ሴት ከቤቷ ስትባረር አይቶ እንደሆነ ይታወቃል። ፊልሙ የሚጀምረው በእውነተኛ ክስተት ነው፤ ቀረጻ ላይ የነበሩትን ኃይሌንና ባልደረቦቹን የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አስቁሞ ሲፈትሻቸው የሚያሳየው ምስል በራሳቸው ካሜራ ተይዟል። ስለ ፍተሻ የሚናገር ፊልም ገና ሲከፈት ሠሪዎቹ ራሳቸው ተፈታሾች ናቸው፤ ስለዚህ ካሜራው ከማን ጋር እንደቆመ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም።

ዶሮቲ፣ ባርባራ ኦ ጆንስ የምትጫወታት ዋና ገጸ ባሕርይ፣ በዋትስ የምትኖር ነፍሰ ጡር እናት ናት። ከቬትናም ጦርነት የተመለሰው ወዳጇ ቲ.ሲ. ባልሠራው ወንጀል ታስሯል፤ ሉአን የምትባል ልጅ አለቻት፤ የዌልፌር ቢሮው ደግሞ ድጎማው እንዳይቋረጥባት ፅንሱን እንድታስወርድ ይገፋፋታል። ክሎዲን ውስጥ ሠራተኛዋ በሩን ታንኳኳለች፤ እዚህ ግን የቢሮው ጥያቄና ትእዛዝ የዶሮቲ ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። በመንገድ ስትሄድም፣ አልጋዋ ላይ ስትቀመጥም ድምፆቹ ይደራረቡባታል፤ የራሷን ሐሳብ ከእነርሱ ለይታ ለመስማት ትቸገራለች። የሰው ፊት እሳት ነው እንላለን፤ ኃይሌ ያሳየን ያ እሳት ሌሊት እንኳ የማይጠፋበትን ቤት ነው። ግድግዳዋ ላይ ጠመንጃ ያነገበችና ሕፃን የታቀፈች አፍሪካዊት ሥዕል ይሰቀላል፤ ዶሮቲም ቀስ በቀስ ዓይኗን ከቢሮው ወረቀት ወደ ሥዕሉ ትመልሳለች። መጨረሻው ከባድ ነው፤ አንድ ፖሊስ ሴት ልጇን ሊደፍር ሲሞክር ደርሳ ትገድለዋለች። ለዓመታት አድርጋው የኖረችውን ሰው ሠራሽ ፀጉር ያወለቀችውም በዚያ ጊዜ ነው።

ፀጉሩን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። በ2009 የወጣው «ፕሬሽየስ» የተባለ ፊልምም እንደ ክሎዲን በሃርለም የሚካሄድ የአንድ ዌልፌር ተቀባይ ቤት ታሪክ ነው፤ በውስጡም የተቆጣጣሪዋ ጉብኝት አለ። እናቲቱ ሰው ሠራሽ ፀጉር አድርጋ፣ የልጅ ልጇን አቅፋ፣ ደግ መስላ ትጠብቅና፣ ሠራተኛዋ እንደወጣች ሕፃኗን ከጭኗ ላይ ትወረውራታለች። እዚህ ካሜራው የሚያጋልጠው አታላይቱን ነው፤ ተመልካቹ የሚመኘው ተቆጣጣሪዋ ቶሎ እንድትነቃ ነው። እንዲህ ያለች ጨካኝ እናት በምድር ላይ የለችም ማለቴ አይደለም፤ የልጅቱም ሥቃይ በእውነት የሚያስለቅስ ነው። ነገር ግን በሁለቱ የሃርለም ቤቶች መካከል አንድ ትልቅ ነገር አልፏል። «ክሎዲን» በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1976፣ ሮናልድ ሬገን በምርጫ ቅስቀሳው ስለ አንዲት አጭበርባሪ የቺካጎ ሴት ደጋግሞ ተናገረ፤ «የዌልፌር ንግሥት» የሚለው ስድብም በሕዝቡ አእምሮ ተተከለ። ከተረጂዎቹ መካከል ብዙ ነጮች እያሉ ስድቡ የጥቁር ሴት ፊት ተሰጠው። በ1996 ቢል ክሊንተን የፈረሙት ሕግ የ1935ቱን ድጎማ አስቀርቶ፣ በፌዴራል ገንዘብ የሚሰጠውን እርዳታ በዕድሜ ልክ ለአምስት ዓመት ሲገድበው፣ ያ ስድብ ድርሻ ነበረው። ልጅዎ ፊልሞቹን ስታነጻጽር የትኛው ከስድቡ በፊት፣ የትኛው ከስድቡ በኋላ እንደተሠራ ብትጠይቅ፣ ከብዙ አዋቂ ተቺዎች የተሻለ ታያለች።

አሁን ወደ ቃልዎ ልመለስ። «እኛ እንደ እነርሱ አይደለንም» ሲሉ ምን ለማለት እንደፈለጉ ይገባኛል፤ ልጅዎ ሰነፍ ተብላ እንዳትሰደብ መሸሸግዎ ነበር። ይሁንና ቃሉ ከእርስዎ በፊት በብዙ ድኻ ቤት የተነገረ ነው። ቻርልስ በርኔት፣ ለ«ቡሽ ማማ» ካሜራ የያዘው የኃይሌ የትምህርት ጓደኛ፣ በራሱ «ኪለር ኦቭ ሺፕ» ፊልም በበግ ማረጃ የሚሠራ ስታን የሚባል የዋትስ አባት አሳይቶናል። ስታን ድኻ አይደለሁም ይላል፤ ማስረጃው አሮጌ ዕቃ ሳልቬሽን አርሚ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት መስጠቱ ነው። እንቅልፍ አጥቶ፣ ከሚስቱ ጋር መነጋገር አቅቶት፣ ከእርሱ የባሰ ሰው እንዳለ በማሰብ ብቻ ቀና ለማለት ይሞክራል። በርኔት አይፈርድበትም፤ እኔም በእርስዎ አልፈርድም። ግን ልጅዎ ያን ቀን የሰማችው «ሰነፎች አይደለንም» የሚለውን አይመስለኝም። ዕቃ ሲደብቁ ያየቻቸው ሰዎች የሚያሳፍሩ እንደሆኑ፣ እርሷም እነርሱን በመምሰሏ ልታፍር እንደሚገባት ነው የሰማችው። ኃይሌ ከጎንደር መጥቶ ዋትስ ሲገባ «እኔ ሌላ ነኝ» ለማለት ሁሉም ምክንያት ነበረው፤ ቋንቋው፣ ታሪኩ፣ አገሩ ሌላ ነው። እርሱ ግን የዶሮቲ ክፍል ውስጥ ገብቶ ከእርሷ ጎን ቆመ። ይህንን ለልጅዎ ቢነግሯት፣ የእርስዎ ቃል ያቆሰለውን ሊያክም ይችላል።

ስለዚህ ጽሑፉን አያስቁሟት። «ክሎዲን»ን ካቆሙበት አንሥተው እስከ መጨረሻው አብረው ይዩት፤ የአልጋና የስድብ ነገር ስላለበት ታናሽ ልጅዎ በሌለበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ዕቃ የሚደበቅበት ትዕይንት ሲደርስ አያልፉት፤ በዚያ ቀን ለምን እንደተቆጡ፣ የፉድ ስታምፕ ካርዱን ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ሲያወጡ ምን እንደሚሰማዎት፣ ከዕድር ሰው ጋር ሱቅ ውስጥ ላለመገናኘት በየትኛው ሰዓት እንደሚሄዱ በገዛ አንደበትዎ ይንገሯት። «ቡሽ ማማ»ን ግን በመጀመሪያ ለብቻዎ ይመልከቱት፤ በልጅቱ ላይ የሚደርሰው ነገር ለ17 ዓመት ሴት ልጅ ቀላል አይደለም፤ እርስዎ ሲያዩት ምን እንደሚመጣ አውቀው ከጎኗ ሊቀመጡ ይገባል።

የቤታችሁ ታሪክ በጽሑፉ ውስጥ ይግባ ወይስ አይግባ ለሚለው፣ ገበናው የሁለታችሁም ስለሆነ ሁለታችሁም ትወስናላችሁ። መምህሩ ስለ ፊልሞቹ እንድትጽፍ እንጂ ስለ ጓዳችሁ እንድትጽፍ አላዘዛትም፤ አንድም ቃል ስለ ቤቷ ሳትጠቅስ ሙሉ ነጥብ ልታገኝ ትችላለች። ግን እንዳትጽፈው የሚፈልጉት ስለምታፍሩ ከሆነና በሩን የመዝጋት መብት ስላላችሁ ከሆነ ልዩነቱን ታውቅልዎ፤ ሁለተኛው ምክንያት እንደሆነ ለይተው ይንገሯት። እርሷ ልጻፈው ካለች ደግሞ ከማቅረቧ በፊት ያንብቡት፤ ያስከፋዎትንም ዓረፍተ ነገር በግልጽ ያሳዩአት።

አንድ ነገር ልጨምር። እናንተ ባላችሁበት በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል የሚያልፈው የጆርጂያ ጎዳና ወደ ደቡብ እስከ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ፣ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት፣ ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና የከፈቱት ሳንኮፋ የተባለ የመጻሕፍትና የፊልም ቤት አለ። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲያርፉ ከልጅዎ ጋር ሄደው ስለ «ቡሽ ማማ» ይጠይቁ፤ በመንገድ ላይም እርሷ ትናገር፣ እርስዎ ያዳምጡ።